ሐጂ በሽር የማያፍሩበት ሆቴል

ልጄ ሰሚራ ሰሞኑን ሆቴል መርጣ መጨረስ አቅቷታል። በሚቀጥለው ወር ከጓደኞቿ ጋር ኢስታንቡል ልትሄድ ነው። እዚህ ጎንደር ማራኪ በሚባለው ሰፈር ለከፈቱት የልብስ ሱቅ ዕቃ ለማምጣት ነው ይባላል፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ዋናው ነገር መሄዱ ራሱ ነው፤ አልፈርድባትም። ከሥራ ስትመለስ አዘዞ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ከጎኔ ትቀመጥና ስልኳን በጣቷ እየገፋች ታነብልኛለች። አንደኛው ሆቴል ቁርስ ይጨምራል። ሌላው ለገበያው ቅርብ ነው፣ ግን ሊፍቱ ይበላሻል። የአንዱ ደግሞ አልጋው ምቹ ሆኖ ሳለ ግድግዳው ስስ ስለሆነ የጎረቤት ሳል ከእንቅልፍ ያስነሣል ብሎ አንድ የማናውቀው ሰው ከማናውቀው አገር ጽፏል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። በጣም ውዱን አትፈልገውም፤ በጣም ርካሹ ደግሞ ያስፈራታል።

“መካከለኛ ይሁን፣ ግን ምቹ” ትላለች ደጋግማ።

ትናንት እንደዚሁ ስታማርጥ ቆየችና ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ “አባ፣ አንተ መጀመሪያ ውጭ አገር ስትሄድ ምን ዓይነት ሆቴል ነው ያረፍከው?” አለችኝ። እኔ አባቴን አንቱ እያልኩ ነው ያደግሁት፤ እሷ አንተ ትለኛለች። ለምጄዋለሁ።

“መካከለኛ” አልኳት።

“ምቹ ነበር?”

ለማን ብላ ብትጠይቀኝ መልሱ ይቀለኝ ነበር። ያን ሆቴል የመረጥኩት ለራሴ አልነበረም፤ ለአባቴም አልነበረም ማለት ይቻላል። የመረጥኩት አንድም ሌሊት ለማያድርበት ሰው ነበር።

አባቴ ሐጂ ኑርሁሴን በጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር የታወቁ ነጋዴ ነበሩ። ከወገራ ደጋ የሚወርደውን ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ፣ ከቆላ ድባ ሜዳ የሚመጣውን ሽንብራ፣ ኮረሪማም እየሰበሰቡ በመተማ በኩል ለሱዳን ይልኩ ነበር። ቤታችን እንደ ሌላው የሰፈራችን የጥንት ነጋዴ ቤት ሁሉ ከመንገዱ ወገን የራሱ በር ያለው አንድ ክፍል ነበረው። የእንግዳ ቤት እንለዋለን። ዘመድ በዝቶ እኛ ልጆች ሳሎን ወለል ላይ ተደራርበን ስንተኛ እንኳ ያ ክፍል አይነካም። ያን ጊዜ ከሩቅ የሚመጣ ነጋዴ ሆቴል አያርፍም። ደንበኛው ቤት ያርፋል፣ ከደንበኛው ማዕድ ይበላል፤ ደንበኛውም በተራው ወደዚያ አገር ሲሄድ እንዲሁ ይደረግለታል። የተጻፈ ውል በሌለበት ንግድ፣ ሰው የሚተማመነው ቤቱ ባደረና ቤቱ ባሳደረው ሰው ነበር።

የዚያ ክፍል ዋና ባለቤት የካርቱሙ ነጋዴ ሐጂ በሽር ነበሩ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ይመጡ ነበር። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲጠነክር ይመጣሉ፤ ጭነታቸው እስኪሞላ ይቀመጣሉ፤ አንዳንዴም ክረምቱ ይቀድማቸውና ከርመው ይሄዳሉ። ረጅም፣ ጥቁር፣ ሳቃቸው ከግቢ ውጭ የሚሰማ ሰው ነበሩ። እኔን አረብኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አማርኛውን ደግሞ እሳቸው የተማሩት ከቅዳሜ ገበያ፣ ከደጋ ገበሬዎች ስለነበረ፣ ያን ነጭ ጀለብያ ለብሰው፣ “ምነው አያ፣ ይኸ ሽንኩርት ሸጋ አይደለም!” ሲሉ ገበሬው ዋጋውን ትቶ በሳቅ ይፈርስ ነበር።

ስንብታቸው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ሐጂ በሽር አንድ እግራቸውን መኪናው ላይ አድርገው፣ “አያ ኑርዬ፣ የኔ ቤት አንተን የሚያየው መቼ ነው?” ይላሉ።

“ካርቱምን የረገጥኩ ቀን፣ ካንተ ቤት ሳልበላ አልመለስም። ቃሌ ነው” ይላሉ አባቴ።

እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሱቅ ማገዝ በጀመርኩበት ዓመት የአባቴ ዓይን ታመመ። ግራው ከጠፋ ቆይቷል። ሳያማቸው፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ጠበብ ጠበብ እያለ ሄደ። ያን ጊዜ “አንድ ይበቃል” ብለው አልፈውት ነበር። አሁን ግን ቀኙም ጀመረ። ኮረሪማውን በጣታቸው እየዳበሱ፣ ሽንኩርቱን እያሸተቱ ይገዙ ገቡ። ገበሬዎቹ ያውቁባቸዋል፤ አይናገሩም። አንድ ቅዳሜ ግን አባቴ ከወገራ የሚመጡትን የጥንት ደንበኛቸውን አያ ምትኩን፣ ፊት ለፊታቸው ቆመው እያሉ ሰላም ሳይሏቸው አለፉ።

“ምነው አያ ኑርዬ፣ ተጣላን እንዴ?” አሉ አያ ምትኩ።

አባቴ ድምፁን ሲለዩ ደነገጡ። “ምትኩ ነህ እንዴ? ኧረ ይቅር በለኝ፣ ዓይኔ እኮ...” አሉ። አያ ምትኩ ወደኔ ዞሩና፣ “ምነው ዝም ትላላችሁ! ሰው በቁሙ ሲጨልምበት ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ?” ብለው ተቆጡኝ። በማግስቱ አባቴን ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው።

ሐኪሙ መርምሮ፣ ይህ ዓይን ቶሎ ካልተሠራ ክረምቱን አይጠብቅም አለ። የሚሠራበት መሣሪያ ያን ጊዜ እኛ ዘንድ አልነበረም። አዲስ አበባ ወረፋው ረጅም ነበር። ካርቱም ግን ለዓይን የታወቀ ሆስፒታል አለ፤ መንገዱም ቅርብ ነው። አባቴ ይህን ሲሰሙ ያዝናሉ ብለን ስንፈራ ፊታቸው በራ። “በዓይኔ ሰበብ የበሽርን ቤት ላየው ነው!” አሉ። እናቴ ለሐጂ በሽር የሚሄደውን በርበሬ ማስፈጨት ጀመረች፤ አያ ምትኩም ነጭ ማር በቅል ላኩ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። በመተማ መስመር የሚሠራ የጭነት መኪና ሾፌር ሱቃችን መጥቶ ሲጫወት የሐጂ በሽር ስም ተነሣ። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ንግዳቸው ወድቋል አለ፤ ኦምዱርማን የነበረውን ትልቁን ቤታቸውን ሸጠው፣ አሁን ከከተማው ዳር ከሴት ልጃቸው ጋር በኪራይ ይኖራሉ። “ሰው እንዳያውቅባቸው ግን ጀለብያቸውን ተኩሰው በየቀኑ ገበያ ይውላሉ” አለ። እራት ላይ አባቴ፣ “ካርቱም መሄዱ ቀርቷል” አሉ።

“ምነው፣ ምን ተገኘ?” አለች እናቴ።

ሾፌሩ ያወራውን ነገሯት። እናቴ አዝና ቆየችና፣ “ታዲያ ሆቴል ያርፋሉዋ” አለች።

“ሆቴል? ሠላሳ ዓመት እኔ ቤት ያደረ ሰው እያለ ሆቴል? ገበያው ምን ይላል? ‘ደኸየ ሲባል ሰምቶ ናቀው’ ነው የሚባለው። በቁሙ ልግደለው?”

“እንግዲያው ቤታቸው ይሂዱ።”

“የሌለውን በግ ሊያርድልኝ ይነሣል። አልጋውን ለቆልኝ መሬት ይተኛል። ልጁን ከክፍሏ ያስወጣል። አውቀዋለሁ እኮ!”

“ዓይንዎስ?”

“ዓይኔ ቢጠፋ የምጨልመው እኔ ነኝ። በሽርን ግን በሰው ፊት አላዋርደውም።”

የዛሬ ልጅ ይህን ሲሰማ ሞኝነት ይለው ይሆናል። እኔም ያን ጊዜ ብዬው ነበር፤ ድምፄን ከፍ ማድረግ ስለማልችል በሆዴ ነው ያልኩት። አባቴ ሱቅ ሲሄዱ ግድግዳ እየዳበሱ መሆኑን እያየሁ፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር ምን ዓይነት በሽታ ነው እያልኩ እናደድ ነበር። ሁለት ሰዎች እርስ በርስ እንዳያፍሩ ሲባል አንድ ዓይን ሊጠፋ ነው። ግን የአባቴን ፊት ሳይ፣ ሰውየው በእውነት ከሁለቱ ክፉ ቀለል ያለውን እንደመረጡ ይታየኝ ነበር።

እናቴ ከአባቴ ጋር መከራከር አታውቅም፤ ዙሪያውን መሄድ ነው የምታውቀው። በማግስቱ ሁለታችንንም ይዛ ሐኪሙ ዘንድ ተመለሰች።

“ዶክተር፣ አቧራ ለታከመ ዓይን አይበጅም አይደል?” አለችው።

“አይበጅም።”

“ከሩቅ ሰፈር ወደ ሆስፒታል መመላለስስ?”

“እሱም ጥሩ አይደለም። መንቀጥቀጥ አለው።”

“እንግዲያው ከሆስፒታሉ አጠገብ ማረፍ አለባቸው በላ!”

ሐኪሙ ግራ ገብቶት ተራ በተራ አየንና፣ “አዎ፣ አጠገቡ ቢያርፉ ነው የሚመረጠው” አለ።

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። “ሰሙ? የሐኪም ትእዛዝ ነው።” አባቴ መዋሸት አይወዱም ነበርና፣ ውሸት ያልሆነ ሰበብ ሲያገኙ ከብዙ ቀን በኋላ ሳቁ።

የቀረው ሆቴሉ ነበር። የገበያ ወዳጆቻቸው ሁሉ አዋቂ ሆኑ። አንዱ ዓባይ ዳር ያለውን ባለመስታወት ፎቅ አመሰገነ፤ አንዱ ደግሞ ሐበሾች የሚያድሩበትን ተራ ማደሪያ ጠቆመ። አባቴ ሁለቱንም አልወደዱም። ባለመስታወቱ ሆቴል ከገቡ፣ ሐጂ በሽር ሊጠይቋቸው ሲመጡ በሩ ላይ ዘበኛ ያቆማቸዋል፤ ወይም ጫማቸውን ያያል። ተራው ማደሪያ ከገቡ ደግሞ፣ ሐጂ በሽር በራሳቸው ከተማ እንግዳቸውን ትኋን ያስበሉ ሆነው ያርፉታል። መካከለኛ መሆን ነበረበት፤ መካከለኛነቱ ግን በኮከብ የሚለካ አልነበረም።

“ሐሰን፣ አንተ ቀድመህ ትሄዳለህ” አሉኝ አባቴ። “አሮጌ ሸሚዝህን ልበስ፤ ያን የተንሻፈፈ ሰንደልህንም አድርግ። ከሆስፒታሉ አጠገብ ያሉትን ሆቴሎች አንድ ባንድ ግባና እንግዳ መቀበያው ላይ ቁጭ በል። ምንም አትዘዝ። ማን ምን እንደሚልህ እይ። አሱር ሶላት እስኪሰገድ ያላስነሣህን ሆቴል ያዝልኝ። በሽር እንዳያይህ ብቻ ተጠንቀቅ።”

“አልጋውንስ አልይ?”

“አልጋውማ አልጋ ነው።”

ጥቅምት ላይ ነበር የሄድኩት። ጎንደር ጠዋት ጠዋት ይበርዳል፤ አይከል ላይ ጋቢ ተከናንቤ ሻይ ጠጣሁ። ገንዳ ውሃ ስንደርስ ጋቢው ቦርሳ ውስጥ ገብቷል፣ ሸሚዜም ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል። ሰሊጡ ታጭዶ በየማሳው እንደ ትንንሽ ጎጆ ቆሟል። መተማን ከሱዳኗ ገላባት የምትለየዋን ትንሽ ድልድይ በእግሬ ስሻገር፣ ውጭ አገር የሚባለው ይኸ ነው ወይ ብዬ ትንሽ አፈርኩ፤ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። ከገዳሪፍ ወዲያ ግን ሜዳውን አየሁት። ተራራ ለለመደ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለውም። ማሽላ፣ ማሽላ፣ ደግሞ ማሽላ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ካርቱም ላይ ያረፍኩት ወዳጆቻችን ባጣጣሉት በዚያው የሐበሾች ማደሪያ ነበር፤ ትኋኑም እንዳሉት ነበር። በማግስቱ ሥራዬን ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሆቴል ወለሉ ያብለጨልጫል። በሩን እንዳለፍኩ አንድ ሰው መጥቶ ምን እንደምፈልግ በትሕትና ጠየቀኝ፤ በዚያው ትሕትና ደጅ አደረሰኝ። ሁለተኛው ላይ ተቀመጥኩ። አስተናጋጁ የምግብ ዝርዝር አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠ። አላዘዝኩም። ወሰደው። ትንሽ ቆይቶ መልሶ አመጣው። እየደጋገመ ሲያመላልሰው እኔው አዘንኩለትና ተነሣሁ። በየመንገዱ ረጅም ሰው በነጭ ጀለብያ ባየሁ ቁጥር ሐጂ በሽር መጡ ብዬ ወደ ግድግዳ እዞራለሁ፤ ካርቱም ውስጥ ደግሞ ረጅም ሰው በነጭ ጀለብያ ሞልቷል።

ሌላው ሆቴል ያረጀ ነበር። መስኮቶቹ አረንጓዴ መዝጊያ አላቸው፤ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይዞራል፤ ወንበሮቹ ብዙ ሰው ተቀምጦባቸው መሐላቸው ጎድጉዷል። መነጽር ያደረገ አንድ ሽማግሌ መዝገብ ጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ ነበር። ከላይ እስከ ታች አየኝ። አሁን ሊያስነሣኝ ነው ስል ብርጭቆ ውሃ ይዞ መጣ።

“ሰው እየጠበቅህ ነው?” አለኝ በአረብኛ።

“አዎ።”

“እንግዲያው እዚህ ማራገቢያው ሥር ሁን። እዚያ ይሞቅሃል።”

እዚያ ዋልኩ። ማንን እንደምጠብቅ እንኳ የጠየቀኝ አልነበረም። አሱር፣ የከሰዓቱ ሶላት፣ ሲደርስ ሽማግሌው ምንጣፍ ዘርግቶ እኔንም ጠራኝ፤ ከሠራተኞቹ ጋር ተሰልፌ ሰገድኩ። ስንጨርስ ለአባቴ ክፍል እንደምፈልግ ነገርኩት። አልጋውን ሳላየው ወደ ማደሪያዬ ተመለስኩና መንገድ ላይ ሲታወሰኝ ሳቄ መጣ።

አባቴን በሳምንቱ አንድ የመተማ መስመር ሾፌር አደረሰልኝ። በነጋታው ወደ ሐጂ በሽር ሰው ላክን፤ መልእክቱን አባቴ ቃል በቃል አስጠኑት፦ ዓይኔን ልታከም መጥቻለሁ፣ ሐኪሙ ከሆስፒታሉ አጠገብ እደር ብሎኛል፣ ናና ጠይቀኝ። ከዚያ በኋላ አባቴ ማራገቢያው ሥር ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንከባልሉ ጀመር። ከቀዶ ጥገናው ይልቅ ይህን ፈርተውት ነበር።

ሐጂ በሽር በሩ ላይ ታዩ። ቀጥነዋል። ጀለብያቸው ከመታጠብ ብዛት ሳስቷል፣ ግን እንደ ወረቀት ተተኩሷል። ገብተው ቆሙና አባቴን አዩ፤ ወንበሮቹን አዩ፤ ማራገቢያውን አዩ። አባቴ ብዥታውን እያዩ ተነሡ።

“አያ ኑርዬ” አሉ ሐጂ በሽር፣ “ካርቱም መጥተህ የሰው ቤት?”

“ሐኪሙ አዘዘኝ፣ በሽር ወንድሜ። አቧራ እንዳይነካህ አለኝ።”

ያ የማውቀው የሐጂ በሽር ሳቅ፣ ከድሮው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ወጣ። “ሐኪምማ ካዘዘ ምን ይደረጋል! ወላሂ፣ ሐኪሙን ባገኘው ነው የምጣላው” አሉና ተቃቀፉ። ትከሻ ለትከሻ ሲገጫጩ ሽማግሌው ከጠረጴዛው ጀርባ ሻይ አዘዘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆቴሉ የሐጂ በሽር ሆነ። ገና በጠዋት ይመጣሉ፤ በድርብርብ ዕቃ ፉልና ኪስራ ይዘው ነው፤ ኪስራ እንደ እንጀራችን ያለ ስስ የማሽላ ቂጣ ነው። አባቴ ሌላ ነገር አይቀምሱም። የሆቴሉን ቁርስ ለሦስታችን እኔ እበላው ነበር፤ ሰሚራ ቁርስ ይጨምራል ስትል ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። የገበያ ነጋዴዎች አባቴን ሊጠይቁ ሲመጡ ሐጂ በሽር ከበር ተቀብለው ያስቀምጧቸዋል፤ “እንግዳዬ ነው” ይላሉ፤ “ሠላሳ ዓመት ያሳደረኝ ሰው ነው” ይላሉ። ሻይ በጣታቸው ይጠራሉ። ያ ሽማግሌም የቤቱ ጌታ እሳቸው እንደሆኑ ያህል ይታዘዛቸዋል። አባቴ ጥግ ላይ ሆነው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ አልረሳውም።

ቀዶ ጥገናው ደኅና አለቀ ተባለ። ቀኝ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፈነ። ግራው ቀድሞውንም የለም፤ ስለዚህ አባቴ ለጥቂት ቀናት ጨለማ ውስጥ ገቡ። ሐጂ በሽር እጃቸውን ይዘው ያበሏቸዋል፣ ለሶላት እያጠቡ ውዱእ ያስደርጓቸዋል። ጨርቁ ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው ጠዋት ሲመጡ ምንም ዕቃ አልያዙም።

“ዛሬ ምሳ እኔ ቤት ነው” አሉ።

እኔ ደነገጥኩ። “ሐጂ፣ ሐኪሙ አቧራ...” ማለት ጀመርኩ።

“ጨርቁ ዓይኑ ላይ እያለ አቧራ ምን ያደርገዋል?” አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው ትክ ብለው አዩኝ። “አሁን ነው ሸጋው ጊዜ። ነገ ይፈታል።”

ገባኝ። ዓይኔን ከዓይናቸው ላይ ማንሣት አቃተኝ። አባቴ ግን ከአጠገባችን ምርኩዛቸውን እየፈለጉ፣ “ቃሌ አይደል እንዴ? እንሂድ!” አሉ።

ስለዚያ ቤት ባልጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። የምጽፈው ሁለቱም አሁን በሕይወት ስለሌሉ፣ በሽር ብዬ የምጠራቸውም በእውነተኛ ስማቸው ስላልሆነ ነው። ግቢዋ ጠባብ ናት፤ እሷንም ከጎረቤት ይጋሩታል። ቤቱ አንዲት ክፍል ነው። ሐጂ በሽር አባቴን ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸውና፣ በቀጥታ ወደ ክፍሏ መግባት ሲቻል፣ መሐል ላይ ያለችውን አንዲት ዛፍ አዞሯቸው።

“ይኸ የፊተኛው ግቢ ነው” አሉ። ደግመው አዞሯቸው። “ይኸ ደግሞ የጓሮው። ነፋሻ ነው፣ አይደል?”

አባቴ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ ቀና አድርገው፣ “ማሻአላህ! እንዴት ያለ ሸጋ ግቢ ነው!” አሉ።

የሐጂ በሽር ልጅ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ አየችኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ምሳው ባምያ በኪስራ ነበር፤ አያ ምትኩ የላኩት ማርም ቀረበ። እኔ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጬ በላሁ፤ ውስጥ ቦታ አልነበረም። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል። አባቴ ያን ቀን ፊቱን ማየት አይችሉም፤ ድምፁ ግን ነበራቸው። ሐጂ በሽር እየጎረሱና እያጎረሱ የድሮውን ሁሉ ያነሣሉ፤ ክረምት ያገታቸውን ዓመት፣ በሽንኩርት ላይ የተጣሏቸውን ገበሬዎች፣ እናቴ በኢድ የምትሠራውን ምግብ። ሁለቱም እንደ ልጅ ይስቃሉ። በመሐል አባቴ፣ “በሽር፣ ቤትህ ገባሁ፣ ከእጅህ በላሁ። አሁን ዓይኔ ቢድንም ባይድንም አልሐምዱሊላህ” አሉ። የሐጂ በሽር ዕንባ በጺማቸው ላይ ወረደ፤ አባቴ ስለማያዩአቸው ለመጥረግም አልቸኮሉም።

በታክሲ ስንመለስ አባቴ ቤቱ ምን ይመስላል ብለው እንዳይጠይቁኝ ስፈራ ነበር። ምን ብዬ እንደምመልስ ሳወጣ ሳወርድ ሆቴሉ ደረስን። አልጠየቁኝም።

በማግስቱ ጨርቁ ተፈታ። አባቴ መጀመሪያ ያዩት ከአልጋው ግርጌ የቆሙትን ሐጂ በሽርን ነው። አፍጥጠው ካዩአቸው በኋላ፣ “አርጅተሃል” አሏቸው። “አንተ ጎረምሳ ነህ እንዴ!” አሉ ሐጂ በሽር። ነርሷ ጸጥ በሉ ብላ ተቆጣቻቸው።

ያ ዓይን እስከ ዕለተ ሞታቸው አገለገላቸው። ጎንደር ስንመለስ ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። ካርቱም እንዴት ናት ሲባሉ፣ አባቴ ስለ ፎቁም ስለ ድልድዩም አያወሩም። “የበሽርን ቤት ብታዩ!” ይላሉ። “ሁለት ግቢ! የጓሮው ነፋስ ደግሞ!” ይላሉ። ከመተማ መስመር የሚመጡ ሾፌሮች ሲሰሙ ቀና ብለው ያዩአቸዋል፤ አባቴ ግን በዚያችው በዳነች ዓይናቸው መልሰው ያዩአቸዋል፤ ሾፌሮቹም ዝም ይላሉ። ወሬው ከአዲስ ዓለም ወጥቶ እንደ ንግዱ ዕቃ በመተማ በኩል ካርቱም ገበያ መድረሱ አይቀርም። አባቴ ይህን የሚያውቁ ነጋዴ ነበሩ።

ሽንኩርት አሽትቶ፣ ኮረሪማ ዳብሶ የሚገዛ ሰው፣ አንዲት ዛፍ ሁለቴ ሲዞር አያውቅም? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እስኪሞቱ ድረስ ያን ቤት በተመለከተ አንዲት ጥያቄ አልጠየቁኝም፤ እንዳወቁ ያወቅሁት በዚህ ነው። ወጣት ሆኜ በሽታ ያልኩት ይሉኝታ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ የሌላውን ክብር ይዘው እንዳይወድቅ የሚደጋገፉበት መሆኑን ለማየት እኔም ማርጀት ነበረብኝ።

አሁን የካርቱምን ነገር በዜና ስሰማ ልቤ ይደማል። ያ አረንጓዴ መስኮት ያለው ሆቴል ይቁም ይፍረስ አላውቅም። የሐጂ በሽር ልጅ የት እንደገባች አላውቅም፤ በመተማ በኩል ሰው መጣ በተባለ ቁጥር አጠያይቃለሁ።

ሰሚራ ይህን ሁሉ ስነግራት ስልኳ ጭኗ ላይ እንዳለ ጠፍቶ ነበር። ዝናቡም አባርቷል። “የሐጂ በሽር ቤት ግን ምን ይመስል ነበር?” አለችኝ። ስነግራት ዛፏንና ያቺን አንዲት ክፍል ዘልያቸው ነበር።

“ሰፊ ነበር” አልኳት።